ከለቡ መጋዘን የወጣው ዕቃ

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን የእድራችን ስብሰባ ነበር። ገና ወንበር ስቤ ከመቀመጤ፣ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት አቶ ግርማ ወደ እኔ ጎንበስ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዲህ እህት አስቴር፣ ከሥራ ወጥተሻል፤ ከእንግዲህ ማንም አይጠይቅሽም። ቦምቡን የት ነው ያስቀመጣችሁት?» አሉኝ።

«አቶ ግርማ፣ ቦምብ የለም» አልኳቸው።

«ገብቶኛል» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው፣ «አትናገርም፤ መሐላ አለባት» ሲሉ ሰማኋቸው።

ጎፋ፣ እዚያው ሕንፃ ላይ፣ ልጆቼን አሳድጌ ድሬያለሁ። ጎረቤቶቼ ግን ስለ ሥራዬ የሚያውቁት ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ «ኒውክሌር» እና «ደህንነት»። አንዱ ብቻውን ሰው ያስደነግጣል። ሁለቱ ሲገናኙማ ደረጃ ስወጣ ወሬ ይቆም ነበር። አከራዬ የሁሉንም ኪራይ ሲጨምር የእኔን በር ዘሎ ያልፋል። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ አንድ ጊዜ «ስለ ሥራዬ ጸልዩልኝ» ብዬ ብጠይቅ፣ አንዲት እህት እጇን ትከሻዬ ላይ ጭና፣ «ጌታ ሆይ፣ ይህችን ልጅህን ከአቶሚክ ሥራ አውጣት» ብላ ጮኸች፤ ጉባኤው በሙሉ አሜን አለ። እኔም ከልማድ የተነሳ አሜን ብያለሁ።

እንግዲህ ይህን የምጽፈው ለነሱ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ጨረርን የሚቆጣጠር ክፍል ውስጥ፣ ከውጭ አገሮች ጋር ያለውን ትብብር ከሚያስተባብሩት አንዷ ነበርኩ። እኛ አገር ጨረር ሆስፒታል ገብቶ ካንሰር ያክማል፤ ፋብሪካ ገብቶ የተዘጋ ጋን ሳይከፈት ምን ያህል እንደሞላ ይለካል። ይህ ሁሉ ለሰላም ብቻ እንዲውል፣ ሰውም እንዳይጎዳ፣ ከሌሎች አገሮች ጋር መነጋገር፣ መስማማትና ባለሙያ ማስመጣት የእኛ ድርሻ ነው። የተቀጠርኩት በአስተርጓሚነት ነው፤ ከዚያ በፊት የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ። ደሞዙ ከመምህርነቱ ብዙም አይበልጥም። ልዩነቱ ወንበሩ ይሽከረከራል።

የመጀመሪያው አለቃዬ ጋሽ ፍሥሐ ይባላሉ። የጎጃም ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ፊዚክስ ውጭ አገር የተማሩ። ሥራ በጀመርኩበት ቀን አንድ ዓለም አቀፍ ሰነድ ሰጡኝና ተርጉሚ አሉኝ። ርዕሱ ላይ «ሴፍቲ» እና «ሴኩሪቲ» የሚሉ ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መዝገበ ቃላት ባገላብጥ ሁለቱም ደህንነት ናቸው። ስለዚህ «የኒውክሌር ደህንነትና ደህንነት» ብዬ ተርጉሜ አስረከብኩ።

ጋሽ ፍሥሐ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡት። «ሁለት ጊዜ ደህና ከሆንን ሦስተኛው ለምን ይቅርብን?» አሉ። ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «አንደኛው ዕቃው ሰውን እንዳይጎዳ ነው። ሁለተኛው ሰው ዕቃውን እንዳይሰርቀው ነው። አማርኛችን ሁለቱን በአንድ ጋቢ ሸፍኖ አስተኝቷቸዋል። ጋቢውን የምትገልጪው አንቺ ነሽ።»

ከእሳቸው ጋር የሠራሁት እንደዚህ ነው። የተረጎምኩትን ሁሉ ቆመው፣ ጮክ ብለው ያነቡታል። መሀል ላይ ትንፋሽ ካጠራቸው ወረቀቱን ይመልሱልኛል፤ «ይህን ዐረፍተ ነገር ጤነኛ ሰው አይጨርሰውም» ይሉኛል። ሌላው ልማዳቸው ደግሞ ሰው ጋ ሲሄዱ ነበር። አንድ የሆስፒታል ሠራተኛ ወይም የፋብሪካ ዘበኛ ጨረር ፈርቶ ሲያስጠራቸው፣ ማስረዳት አይጀምሩም። «ምን ፈራህ?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ከመርዘሙ የተነሳ ሰውየው ተጨንቆ ውስጡ ያለውን ሁሉ ያወጣዋል። አንድ ቴክኒሻን ከጨረሩ አልፎ ስለ አማቱ ሁሉ ነግሯቸዋል። «አትፍራ» የሚለው ቃል ግን ካፋቸው ወጥቶ አያውቅም። «አትፍራ ያልሽው ሰው፣ ያልታየው አደጋ እንዳለ ያኔ ነው የሚገባው» ይሉኝ ነበር።

ውጭ አገር አብሬያቸው ስሄድ አስተርጓሚ መሆን ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ገባኝ። አንድ የአውሮፓ ከተማ ውስጥ ትልቅ የኒውክሌር ስብሰባ ነበር፤ የዕለቱ አጀንዳ በድብቅ ስለሚዘዋወር ጨረር አመንጪ ቁስ ነው። ወቅቱ ጾም ስለነበር ጋሽ ፍሥሐ በሶ ይዘዋል። በፌስታል የታሰረ፣ ምንም ያልተጻፈበት ቡናማ ዱቄት። መግቢያው ላይ ጥበቃው ፌስታሉን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ «ይህ ምንድን ነው?» አለ።

«የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው» አልኩት።

ጋሽ ፍሥሐ በአማርኛ፣ «ለሰላማዊ ዓላማ ነው በዪው» አሉኝ። ታማኝ አስተርጓሚ ነኝና አልኩት። ሰውየው አንድ ቁልፍ ተጫነ።

ጓንት ያደረገ ሌላ ሰው መለኪያ ይዞ መጣ። ከኋላችን የየአገሩ ልዑካን ተሰልፈዋል፤ አንዳንዶቹ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀምረዋል። ጋሽ ፍሥሐ ግን ወደ መሣሪያው ጎንበስ ብለው፣ ትክክል መለካቱ የተረጋገጠው መቼ እንደሆነ ጠየቁት። ሰውየው አያውቅም። እዚያው ቆመው ስለዚህ ጉዳይ ረዘም ያለ ምክር ሰጡት። በመጨረሻ በሶውን በወረቀት ብርጭቆ ውስጥ በውኃ በጠበጡና ጠጡት፤ እንዳልሞቱ ሲታይ በሩ ተከፈተልን። በሻይ ሰዓት አንድ ረጅም መሐንዲስ ፈልጎን መጣ። ያን ይባላል። ከሰልፉ ውስጥ ሆኖ ሁሉንም አይቷል፤ በሶውን መቅመስ ፈለገ። ቀመሰና ጥቂት አሰበ። «ይህንን ነው የምንቆጣጠረው ማለት ነው?» ብሎ ሳቀ። ወዳጅነታችን በዚያ ተጀመረ።

የለቡ ነገር የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ከተማው ዳር፣ ለቡ ላይ፣ ሥራ ካቆመ ብዙ ዘመን የሆነው አንድ የግል ፋብሪካ ነበር። ሲሠራ ጋን የሚለካበት፣ ጨረር አመንጪ ቁስ በብረት ውስጥ የታሸገበት መሣሪያ ነበረው። ፋብሪካው ሲዘጋ መሣሪያው መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበት ቀረ። መጀመሪያ ዙሪያው ሜዳ ነበር። ኋላ ቤት ተሠራ፤ ከቤቱ ጀርባ ሌላ ቤት ተሠራ፤ መጋዘኑ በልብስ ማስጫ ገመድ መሀል ቆሞ ተገኘ። በብረቱ ውስጥ እንዳለ ማንንም አይጎዳም። የሚያሰጋን ቆራሌው ነበር። አንድ ቀን ቁልፉ ተሰብሮ ያ ከባድ ብረት ለቆራሌው ቢሸጥ፣ ከዚያ ቢቆረጥ ወይም ቢቀለጥ፣ ምን ሊከተል እንደሚችል ጋሽ ፍሥሐ ሲነግሩኝ ምሳዬን መብላት አቅቶኛል።

መሣሪያውን ሠርታ የሸጠችው የመሐንዲሱ የያን አገር ነበረች። ጋሽ ፍሥሐ ደወሉለት፤ እሱም የአገሩን መሥሪያ ቤት አሳምኖ ዕቃውን መልሰው ለመውሰድ ተስማሙ። የወረቀቱን ውጣ ውረድ አልተርክም፤ ያየ ያውቀዋል። ልዩ ኮንቴይነር ተዘጋጀ፣ የያን ቡድን መጣ። ልክ በዚያ ሰሞን ግን ጋሽ ፍሥሐ ታመሙ። ካንሰር ነው ተባለ፤ የጨረር ሕክምና ታዘዘላቸው። ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስሄድ፣ «ዕድሜ ልኬን ማሽኑን ስቆጣጠረው ኖሬ፣ አሁን ተራው የሱ ሆነ» አሉኝ። ሕክምናው ሠርቶላቸው ዛሬም ደህና ናቸው፤ ያኔ ግን ይህን አናውቅም ነበር።

ስለዚህ ነዋሪውን ለማነጋገር ያለ እሳቸው ሄድን። አዲሱ ዳይሬክተራችን ንግግር የሚወዱ ሰው ነበሩ። የወረዳው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሽማግሌዎች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ የግንባታ ሠራተኞች። ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እኛ ከኒውክሌር ደህንነት የመጣን ነን» አሉ።

ከኋላ በኩል ጥቂት ጎልማሶች ኮፍያቸውን ዝቅ አድርገው ቀስ ብለው ወጡ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አውጥተው፣ «ማንን ፈልጋችሁ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ዳይሬክተሩ ለመሳቅ ሞከሩ፤ አልተሳካም። «ማንንም አይደለም፤ መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ዕቃ ነው» ብለው ስለ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች መናገር ቀጠሉ። ጋሽ ፍሥሐ ቢሰሙት ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር። ከዚያ ያን ተነሳ። በሄደበት ሁሉ የሚሰማውን አንድ የአማርኛ አባባል ለምዶ ነበርና ሰው የሚያረጋጋ መስሎት፣ እኔን ሳይጠብቅ፣ በፈገግታ «ችግር የለም» አለ።

የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ ወይዘሮ ዘነበች ከፊት ረድፍ ተነሳች። መንገድ ዳር ሲሚንቶና ቆርቆሮ የምትሸጥ፣ ደንደን ያለች ሴት ናት። «ችግር የለም ያለኝ ኮንትራክተር ጣሪያዬን ሳይከድን ነው የጠፋው» አለች። «ዛሬ ደግሞ ፈረንጅ ከውጭ አገር ድረስ መጥቶ ችግር የለም ካለን፣ ምን ዓይነት ችግር ቢሆን ነው?»

አዳራሹ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ሁሉም ይጠይቃል፣ ማንም አይሰማም። ያን፣ «ምን አለች?» ይለኛል። «ጣሪያዋ አልተከደነም» አልኩት፤ ከዚያ የተሻለ ማጠቃለያ አልመጣልኝም።

ዕቃው ሊወጣ በተቀጠረበት ጠዋት የሰፈሩን ሴቶች መጋዘኑ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ተቀምጠው አገኘናቸው። እየለመንናቸው ሳለ የተከራየነው ክሬን ሾፌር ከአንዷ ጋር ሲያወራ ኒውክሌር የሚል ቃል ሰማ። ብረት ነው የሚነሳው ብለን ነበር የቀጠርነው። ወዲያው ሞተሩን አስነሳ። እንዲህ ያለ ትልቅ ማሽን ወደ ኋላ ሲሄድ እንደዚያ ሲፈጥን አይቼ አላውቅም። ዳይሬክተራችን እጃቸውን እያወዛወዙ እስከ አስፋልቱ ተከተሉት።

ያን ባዶ ኮንቴይነሩን ይዞ ተመለሰ። ኤርፖርት ስሸኘው፣ አገሩ ሁለተኛ ጊዜ ገንዘብና ሰው መመደቧን እንደሚጠራጠር ነገረኝ። ይሄኛው አላሳቀኝም። ከዚያ ሳምንት ሳይቆይ የመጋዘኑ ዘበኛ ደወለልኝ። ቁልፉ ላይ የመዶሻ ምት አለ፤ አልተከፈተም፣ ግን ተሞክሯል። ስልኩን ዘግቼ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፋሁና አለቀስኩ።

ሆስፒታል ሄጄ ለጋሽ ፍሥሐ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልጋቸው ላይ ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ። ስጨርስ፣ «ታዲያ ምንድን ነው የፈሩት?» አሉ።

«ጨረሩን ነዋ።»

«ብለዋል?»

አላሉም። አስታውሼ አስታውሼ አንድም ሰው ጨረር ያለ የለም። የጠየቃቸውም የለም።

በማግሥቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ለቡ ወረድኩ። ዘነበች ሱቋ ውስጥ ቆርቆሮ ታስቆጥራለች። «ደግሞ መጣሽ?» አለችኝ።

«ምን እንደፈራችሁ ልጠይቅሽ ነው» አልኩና ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለአስተርጓሚ ከባድ ነገር ነው፤ ምላሴን ነክሼ ነው የቻልኩት። አንድ ደንበኛ ሚስማር ገዝቶ ሄደ። ሌላው ዋጋ ጠይቆ ሄደ። ዘነበች ቆርቆሮውን ትታ አንድ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠች።

«ስሚ እህቴ» አለች። «እኔ እዚህ ስመጣ ሦስተኛ ቤቴ ነው። ሁለቱ ፈርሰውብኛል። ሁለቱም ጊዜ መጀመሪያ የመጣው ኮት የለበሰ ሰው ነው፤ 'ስለ አካባቢው ደህንነት ልናወያያችሁ' ብሎ። ኋላ አካባቢው ለመኖሪያ አይሆንም ይባላል። ከዚያ ግሬደሩ ይመጣል። ሰዉ ጨረር ምን እንደሆነ መች ያውቃል? ግሬደር ነው የሚያውቀው።»

እኛ ለካ ስለ ጨረር መልስ ይዘን ስለ ግሬደር የሚጠይቅ ሕዝብ ፊት ነበር የቆምነው። ቢሮ ገብቼ ለዳይሬክተሩ ነገርኳቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። «ቤት አይፈርስም ብዬ እኔ ቃል መግባት አልችልም፤ ሥልጣኔ አይደለም» አሉ። ቀጥለው ግን ወደ ወረዳው ራሳቸው ሄዱ፤ እስከ ኃላፊው ድረስ ተመላልሰው፣ ሁለተኛውን ስብሰባ አብረው እንዲጠሩ አደረጉ።

ጋሽ ፍሥሐ ሐኪማቸውን አስፈቅደው መጡ። ፎጣ አንገታቸው ላይ ጠምጥመዋል፤ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ወንበር አምጡልኝ ብለው ሕዝቡ መሀል ተቀመጡ። ወረዳው በዚያ ሰፈር የማፍረስ ዕቅድ እንደሌለው በሰው ሁሉ ፊት ተናገረ። ሰዉ በግማሽ ልብ ሰማ። ያኔ ጋሽ ፍሥሐ ቀስ ብለው ተናገሩ፤ ድምፃቸው ደካማ ስለነበር አዳራሹ ጸጥ ብሎ ነው የሰማቸው።

«መጋዘኑ ውስጥ ያለው እሳት ነው በሉት፤ ወፍራም ብረት ለብሷል። ብረቱን ያልነካው ሰው አይነካውም። ቆራሌ እጅ ከገባ ግን ይነካል። እንዲህ ያለው ነገር እኔንም በየቀኑ ሆስፒታል ያክመኛል፤ ጠላት አድርጋችሁ አትዩት። ግን ቦታው እዚህ አይደለም። ዕቃው እዚህ እስካለ ድረስ ማንም መጥቶ 'ሰፈራችሁ አደገኛ ነው' ሊላችሁ ይችላል። ዕቃው ሲሄድ ያ ሰበብ አብሮ ይሄዳል።»

ዘነበች እጇን አገጯ ላይ አድርጋ አሰበች። «መቼ ነው የሚወጣው?» አለች።

ያን ተመልሶ ለመምጣት ወራት ፈጀበት። አገሩን ያሳመነው እንዴት እንደሆነ ብጠይቀው፣ የአለቃውን ልብ ያራራው የክሬኑ ታሪክ እንደሆነ ነገረኝ፤ ስቀው ስቀው ነው የፈረሙት። ዕቃው በሚወጣበት ቀን ለአዲሱ ክሬን ሾፌር ሁሉን አስቀድመን በግልጽ ነገርነው። መለኪያውን ራሱ ይዞ እንዲያይ አደረግን። «ይሄ ከሆነ ከሲሚንቶ ይሻላል፤ ሲሚንቶ ሳንባ ይበላል» ብሎ ሥራውን ጀመረ። ሴቶቹ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ አጥሩ ማዶ ቆመው ተመለከቱ። ዕቃው ተነሳ፣ ኮንቴይነሩ ውስጥ ገባ፣ ተዘጋ። እልል ያለ የለም። አንዲት አሮጊት ብቻ «ተሸኘ» አሉ።

በፊታችን በሞተር የሚሄድ ፖሊስ፣ ከኋላችን የአጀብ መኪና ይዘን ወጣን። ሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ስንደርስ መንገዱ ጥርቅም ብሎ ተዘጋግቷል። የፖሊሱ ሳይረን ይጮሃል፤ ማንም የሚሄድበት የለውም። አንድ የሚኒባስ ረዳት ከመስኮቱ ወጥቶ የኮንቴይነሩን መኪና ጎን በመዳፉ እየመታ፣ «ኧረ ጠጋ በል፣ ድንች ነው እንዴ የጫንከው!» ይላል። ያን ፊቱ ነጭ ሆነ። ወደ እኔ ዞሮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥያቄ መልክ፣ «ችግር የለም?» አለኝ።

«የለም» አልኩት። «ይህ ሰው ሁሉንም መኪና ነው የሚመታው።»

ከሰዓት በኋላ ኮንቴይነሩን አስረክቤ ወደ ለቡ ስመለስ፣ ሰዉ መጋዘኑ በር ላይ ተሰብስቧል። በሩ ተከፍቷል። ባልደረቦቼ ወለሉንና ግድግዳውን ለክተው ጨርሰዋል፤ ምንም የለም። ዳይሬክተሩ የልኬቱን ውጤት ቁጥር በቁጥር እያነበቡ ነው። ሕዝቡ በጨዋነት ያዳምጣል፤ ግን ከደፉ አንድ እርምጃ ያለፈ የለም። ልጁ ወደ በሩ የቀረበበት ሰው ልጁን ክንዱን ይዞ ይስበዋል።

ዳይሬክተሩ አንብበው ጨረሱ። «እንግዲህ መግባት ትችላላችሁ» አሉ። ማንም አልገባም።

ጋሽ ፍሥሐ ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ተነሱ። እኔ ላግዛቸው ብጠጋ በእጃቸው ከለከሉኝ። ግድግዳውን እየያዙ ቀስ ብለው ገቡና ዕቃው ተቀምጦበት ከነበረው ቦታ አጠገብ አንድ አሮጌ ሳጥን ገልብጠው ተቀመጡ። ደክሟቸዋል፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ያያቸዋል። እኔም መለኪያው እጄ ላይ እያለ፣ ቁጥሩን እያወቅሁ፣ እንደነሱው ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ዘነበች ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጋ ወጣች። ትታን የሄደች መስሎኝ ነበር። ከሱቋ አንድ የፕላስቲክ በርጩማ ይዛ ተመለሰች፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ደፉን ተሻገረችና ከጋሽ ፍሥሐ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ክፍሉ ሰፊ ነው» አለች፣ ዙሪያውን እያየች።

«ሰፊ ነው» አሉ ጋሽ ፍሥሐ። «ጣሪያው ግን ያፈሳል።»

«ቆርቆሮ እኔ ጋ አለ። ለእድሩ ድንኳንና ወንበር ማስቀመጫ ይሆናል።»

«ሚስማሩን አስበሽዋል?»

ስለ ሚስማር ማውራት ጀመሩ። ከበሩ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ «በዚያ በኩል እርጥበት አለው» ብለው ገቡ፤ ግድግዳውን ሊያሳዩ። እሳቸውን ተከትሎ ሌላ ሰው ገባ። ቀጥሎ ልጅ ያዘለች ሴት። ዳይሬክተራችን ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ ቦታ ፍለጋ ዙሪያውን ቃኙ።

መለኪያውን አጠፋሁት። ገብቼ ዘነበች አጠገብ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።